ገመዱ የታል?

ከእቁቡ ዕጣ ወጥቶ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣
ሽምብጥ ቤታችን ገባ፣ በጋቢ ተሸፍኖ።
አባቴ ከጎኑ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣
እንደ ታመመ ሰው ወገቡን ደግፎት፣
“ቀስ በል! ቀስ! ጉድጓድ ነው!” ሹፌሩን ተቆጥቶ።

ሰካነው። በራ።
ጥያቄ ጀመረ፣ እንደ ቀበሌ ሰው፣ በተራ በተራ፦
ቋንቋህ ምንድን ነው? አገርህስ የት?
አባዬ ቆሞ ነው የመለሰለት።
“ባሕር ዳር! ሽምብጥ! ከውኃው አጠገብ!”
(ለስንቱ ቱሪስት ነግሯል በዚያው ድምፅ፣ ከጀልባው ወገብ።)
ከዚያ ግን ጠየቀ ያልጠበቅነውን፦
ኢንተርኔት አምጡ። ከየት? የትኛውን?

“እኔ ጋ አለ” አልሁ፣ ስልኬን አንሥቼ፤
“ከዚህ አስረዋለሁ፣ ሆትስፖት ከፍቼ።”
ማሰር ሲባል ጊዜ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ጀልባ ሲያስር የኖረ፣
ቃሏን አወቃትና ተነሥቶ መረመረ።
ስልኬን ገለበጠው። በስልኩና በዚያ ጥቁር መስታወት
መሀል ያለውን አየር በመዳፉ ቆረጠው፣
ሁለቴ፣ ሦስቴ። ምንም አልነካው።
“ገመዱ የታል?” አለኝ።

እኛ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ ጋ ነው፣
በጣና በኩል ያለው፣ ፍርግርጉን ዝገት የበላው።
ከበርበሬው ጣሳ ላይ ስልኬን አስቀመጥሁት፤
ፈለገ፣ ፈለገ፣ የሰፈሩን ስም ሁሉ ደረደረው ከፊት፦
አንዱ “ፔንሲዮን ሁለት”፣
አንዱ “የእንየው ቤት”፣
አንዱ፣ ማን እንደሆነ እናውቃለን፣ “ካርድ ራስህ ሙላ”፣
ከሁሉም በኋላ
“ሰዋለም”።

አባዬ ዝም አለ። ከዚያ አነበበው፣ ጣቱን አስከትሎ።
ያንን ስም እሱ የጻፈው አንድ ጊዜ ነው፣
በቀይ ቀለም፣ ብሩሽ ለምኖ፣ አንድ ቀን ሙሉ ውሎ፣
በጀልባው ጎን ላይ።
እሷ የተሸጠች ሳምንት እኔ ኮሌጅ ተመዘገብሁ፤
ስለዚያ ሲያወራ አልሰማሁ፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ፓስወርዱን በሪሞት፣ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች፣
ፊደሏ እንደ ቆሮሶ ከእጄ እያመለጠች…
ተገናኘ።

“ምን ልክፈትልህ?” ኳስ ይላል ብዬ፣ ዜና ይላል ብዬ።
“ጣናን” አለኝ።
“ጣና ያው ከመስኮቱ ሥር ነው፣ አባዬ!”
“ያንን አይደለም።”
ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።

አንድ ሰው፣ ካሜራ እንደ ወፍ አብርሮ፣ ከላይ ቀርጾታል፤
ደንገሉ እንደ ቅንድብ ዳር ዳሩን ከቦታል፤
ነጫጭ ወፎቹ እንደ ፈሰሰ የፎገራ ሩዝ ተበትነዋል።
“አርባ ዓመት ቀዘፍሁበት” አለ፣
“አናቱን ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።”

ከደብረ ማርያም ማዶ አንዲት ጀልባ ወጣች፣
ቀዩ የደበዘዘ ጎኗን እያዞረች፤
አባዬ ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነሥቶ…
ቀጥ።
ክቧ መዞር ጀመረች፣ ከውኃው መሀል፣ እንደ አዙሪት።
ስልኬ ጣሳው ላይ ተንዘረዘረ፦
ውድ ደንበኛችን፣ ጥቅልዎ አልቋል።

“ቆይ፣ ልግዛ” አልሁ፣ የቀረኝን ብር በልቤ እየቆጠርሁ።
“ተዪው” አለ።
የእሷ ትሁን የሌላ፣ ፊደሉ አይነበብም።
“እንዲህ ጸጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም፤
ወደብ ላይ ታስራ እንኳ፣ አንድ ቀን አርፋ አታውቅም።”
መብራት እስኪሄድ አያት።

በማግስቱ ዓባይ ማዶ፣ ፋርማሲው ውስጥ ሳለሁ፣
ለምሳ ስነሣ፣ በዚያች ባለ ቁልፏ ስልኩ ደወለ፦
“ይኼ ሰውዬ ‘ሰዋለም አልተገኘም’ እያለ
ይነዘንዘኛል።”
“ምን አልከው?”
“ሥራ ሄዳለች አልሁት። ማታ ትመጣለች።”